ዱካ ላይ ቁጭ ብዬ የገዛሁት ሄድፎን

ዛሬ መርካቶ ሄድፎን ልገዛ ገብቼ ስለ ቤዙ፣ ማለትም ስለ ወፍራሙ ድምፅ ስጠይቅ፣ ሻጩ መልስ አልሰጠኝም። ዱካ አቀረበልኝና «እህቴ፣ መነጽርሽን ሳታወልቂ አድርጊውና ትንሽ ቁጭ በይ» አለኝ።

የመጀመሪያው ያብረቀርቃል፤ ዋጋውም ውድ ነው። 10 ደቂቃ ሳይሞላ የመነጽሬን እጀታ ከጆሮዬ በላይ አጥንቱ ላይ ተጭኖ ያመኝ ጀመር። ቆዳ መሳዩ የጆሮ ትራስ ደግሞ አላበኝ።

ሁለተኛው ርካሽ ፕላስቲክ ነው፣ መልኩም ደብዘዝ ያለ። ትራሱ ግን ጨርቅ ነው፤ ጆሮዬን ሳይነካ ዙሪያውን ከበበው። ሻጩ ራስ ላይ የሚያርፈውን ቅስት በሁለት እጁ ቀስ አድርጎ ለጠጥ አደረገልኝና «አሁንስ?» አለኝ። ማድረጌንም ረስቼው ነበር።

በቀን 8 ሰዓት የተቀዳ ድምፅ እየሰማሁ የምጽፍ ሰው ነኝ። ጫማ ስገዛ ቆሜ፣ ተራምጄ አያለሁ። ሄድፎን ግን እስከ ዛሬ ካርቶኑን አንብቤ ነበር የምከፍለው!

ትራሱ ሲያልቅ ለብቻው ይገኛል ወይ ብዬ አለመጠየቄ ትዝ ያለኝ ታክሲ ውስጥ ነው።