ቫሌንሲያ ለማራቶን፦ ብሩ የት የት ገባ?

አትሌቲክስ የሚወድ ሐበሻ የስፔኗን ቫሌንሲያን ሳያያት ያውቃታል። ለተሰንበት ግደይ የ5,000 ሜትር የዓለም ክብረ ወሰንን በ2020 እ.ኤ.አ. በ14:06.62 የሰበረችው እዚያ ነው። በዓመቱ ተመልሳ ግማሽ ማራቶኑን በ1:02:52 ገባች፤ ያውም ርቀቱን ለመጀመሪያ ጊዜ ስትሮጠው። አማኔ በሪሶ በ2022 በ2:14:58፣ ሲሳይ ለማ በ2023 በ2:01:48 ማራቶኑን ያሸነፉት በዚችው ከተማ ነው። ሲሳይ ባሸነፈበት ቀን ቀነኒሳ በ41 ዓመቱ 2:04:19 ሮጦ አራተኛ ወጣ። ይህን ሁሉ ከሶፋ ላይ ሆኜ ነው ያየሁት። አንድ ጊዜ እንኳ መንገዱ ዳር ቆሜ ካላየሁማ አልኩና ለ2025ቱ ማራቶን መዘጋጀት ጀመርኩ።

እኔ ከአዲስ አበባ፣ ታላቅ እህቴ ከፍራንክፈርት ተነስተን ቫሌንሲያ ላይ ልንገናኝ ተስማማን። ከሐሙስ ማታ እስከ ማክሰኞ ጠዋት። ወጪውን በዩሮ የምጽፈው ለጉራ አይደለም። በብር ብጽፈው እናንተ እስክታነቡት ሒሳቡ ይለወጣል።

አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ ቫሌንሲያን ውድ የሚያደርጋት የምትሄዱበት ቀን ነው። ማራቶኑ የሚካሄደው በፈረንጆቹ ዲሴምበር የመጀመሪያው እሑድ ነው። ስፔኖች ደግሞ ዲሴምበር 6 የሕገ መንግሥት ቀን፣ ዲሴምበር 8 የማርያም በዓል ያከብራሉ። በ2025 እሑዱ 7 ላይ ዋለ። ቅዳሜ በዓል፣ እሑድ ማራቶን፣ ሰኞ በዓል ማለት ነው። ከየአገሩ የመጣ ሯጭ ከተማዋን ሞልቷት ሳለ ስፔኑም ሻንጣውን ይዞ ይወጣል። ባቡሩም አልጋውም የሚወደደው ያን ጊዜ ነው። ቲኬት ከመፈለጌ በፊት የስፔንን የበዓል ቀን መቁጠሪያ ማየቴ ከምንም በላይ ገንዘብ አዳነልኝ።

ቪዛው ላይ ብዙ አልቆይም። የሸንገን ቪዛ ክፍያ ለአዋቂ 90 ዩሮ ነው። ተከለከላችሁም ተፈቀደላችሁም አይመለስም። የጉዞ ኢንሹራንሱ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን መሆን አለበት። ማመልከት የሚቻለው ከጉዞው ስድስት ወር ቀደም ብሎ ጀምሮ ነው። ውሳኔው በደንቡ 15 ቀን ይፈጃል ቢባልም እስከ 45 ሊለጠጥ ይችላል። ስፔን ከዚህ ሌላ የራሷ መለኪያ አላት። በ2025 ሒሳብ እንግዳ ሰው በቀን ወደ 118 ዩሮ፣ ቆይታው አጭር ቢሆንም በጠቅላላ ከ1,065 ዩሮ ያላነሰ እንዳለው ማሳየት ነበረበት። ይህ ከአገሪቱ ዝቅተኛ ደመወዝ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ደመወዙ ሲጨምር አብሮ ይጨምራል። ያን ያህል ታወጣላችሁ ማለት አይደለም፤ እኔ አልጋውን ሳይጨምር ግማሹን እንኳ በቀን አላወጣሁም። የባንክ ስቴትመንታችሁ ግን ያን ያህል እንዳላችሁ መናገር አለበት። በማመልከቻው ሰሞን ከየዘመድ ተለቃቅሞ አካውንት ውስጥ ዱብ ያለ ብር ደግሞ ማንንም አያሳምንም። ሳይነካ የቆየ ብር ይሻላል።

ለቪዛ የአውሮፕላን ሪዘርቬሽን እንጂ የተከፈለበት ቲኬት ማቅረብ ግዴታ አይደለም። ስለዚህ ቲኬቱን የገዛሁት ቪዛው ፓስፖርቴ ላይ ከተለጠፈ በኋላ ነው። ከአዲስ አበባ ማድሪድ ደርሶ መልስ 700 ዶላር አካባቢ ወጣብኝ። ከጠቅላላ ወጪዬ ትልቁ ይሄ ነው፤ ብዙም የሚቀነስ ነገር አላገኘሁበትም።

አልጋው ግን ሌላ ታሪክ ነው። ገና በግንቦት ያለ ቅጣት የሚሰረዝ ክፍል ቡክ አደረግኩ። ለቪዛው ማስረጃ ሆነኝ፣ ዋጋውንም ቆለፈልኝ። ብከለከል ደግሞ ምንም አልከስርም ነበር። መጀመሪያ ያየሁት ሆቴል ሩጫው ከሚያልቅበት “የሳይንስና ጥበባት ከተማ” ከሚባለው የሙዚየሞች ግቢ አጠገብ ያለ ነበር። ለእህቴ ደወልኩ።

“እትዬ፣ ከመጨረሻው መስመር አጠገብ አንድ ሆቴል አለ። ግን ለአዳር ከ200 ዩሮ በላይ ይላል።”

“ኧረ በስመአብ! ሰዎቹ 42 ኪሎ ሜትር ሮጠው ይደርሱ የለ እንዴ? እኛ ትንሽ ብንራመድ ምን እንሆናለን? ሌላ ፈልግ አንተ!”

ፈለግኩ። ቤኒማክሌት የሚባል ሰፈር አገኘሁ። ድሮ መንደር የነበረ፣ ዩኒቨርሲቲዎቹ ቅርብ ስለሆኑ ተማሪ የሞላበት፣ ምግቡ ርካሽ የሆነ ሰፈር ነው። ሜትሮ ቁጥር 3 ከአየር ማረፊያው ተነስቶ፣ መሀል ከተማውን አቋርጦ፣ ሳትቀይሩ እዚያው ያወርዳችኋል። ሁለት አልጋ ያለው ክፍል ለአዳር 80 ዩሮ፤ ለሁለት ስንካፈለው 40። ባርሴሎና ከእንግዳ የምትቀበለው የቱሪስት ግብር ቫሌንሲያ ውስጥ የለም፤ ስለዚህ መውጫ ላይ የሚጨመር ነገር አልነበረም። ማራቶኑ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ያንኑ ክፍል እንደገና ፈልጌ አየሁት። በእጥፍ ጨምሯል። ለእህቴ ስክሪን ሾት ላክሁላት፤ የእልልታ ድምፅ መለሰችልኝ።

ከማድሪድ ቫሌንሲያ ፈጣኑ ባቡር ሁለት ሰዓት አይሞላም። መስመሩ ላይ ሬንፌ፣ ኢሪዮ እና ዊጎ የሚባሉ የባቡር ኩባንያዎች ይፎካከራሉ። ቀድሞ ለገዛ ዋጋው ይረክሳል። እኔ ሐሙስ መሄጃውን በ22፣ ማክሰኞ መመለሻውን በ19 ዩሮ ያዝኩ። ለሰኞ ማታ ባየው፣ የበዓሉ መመለሻ ነውና፣ 70 ዩሮ ደርሷል። አንድ ሌሊት መጨመር ሰኞ ከመመለስ የተሻለ ሆኖ የተገኘው ለዚህ ነው። አብዛኛው ባቡር የሚነሳው ከቻማርቲን ጣቢያ ነው። ካረፍኩበት ተርሚናል በነጻው የአየር ማረፊያ አውቶቡስ ወደ ተርሚናል 4 ሄድኩ። ከዚያ ሴርካኒያስ የሚሉት የከተማ ባቡር በ2.60 ዩሮ ቻማርቲን ያደርሳል። ርካሽ የባቡር ቲኬት ካመለጠ አመለጠ ነው። ስለዚህ አውሮፕላኑ ካረፈ ከአራት ሰዓት በኋላ የሚነሳውን ነው የመረጥኩት። አሁን ድንበር ላይ ፎቶ ስለሚያነሱና አሻራ ስለሚያመሳክሩ ሰልፉ ይረዝማል። ሻይ ጠጥቼ ቁጭ ብዬ የጠበቅኩት አንድ ሰዓት ምንም አልቆጨኝም።

አሁን ወደ ምግቡ። ከዚህ በታች የምጽፈው ሰዓት ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ነው።

ማራቶኑ የሚውለው በጾመ ነቢያት ነው። እህቴ ደግሞ የምትጾመው የምሯን ነው፤ ዓሣም የለ፣ በሥራ ቀን እስከ 9 ሰዓት እህል የሚባል የለ። የደረቀ የአሳማ እግር በየግድግዳው በሚንጠለጠልበት አገር ምን ትበላለች ብዬ ተጨንቄ ነበር። እንዳሰብኩት አልሆነም። ስፔኖች ምሳ የሚበሉት ከ8 እስከ 10 ሰዓት ነው። እህቴ ጾሟን ፈትታ ስትገባ ቤቱ ገና ሞቅ ያለ ነው። እኔ ነኝ በ6 ሰዓት ረሃብ የቆራረጠኝ።

በሥራ ቀን ምሳ ላይ “ሜኑ ዴል ዲያ” ጠይቁ። ሁለት ሳህን ምግብ፣ ዳቦ፣ መጠጥ፣ ጣፋጭ ወይም ቡና፣ ሁሉም አንድ ላይ ከ12 እስከ 16 ዩሮ ነው። ቅዳሜና እሑድ፣ በበዓልም ቀን፣ ወይ የለም ወይ ዋጋው ሌላ ነው። ለእኛ የቀረን የሥራ ቀን ዓርብ ብቻ ነበር፤ አልለቀቅነውም። ምስር ስታዩ ቶሎ ደስ አይበላችሁ፤ ብዙ ጊዜ የአሳማ ቋሊማ ገብቶበት ነው የሚሠራው። እህቴ አንድ ዓረፍተ ነገር በቃሏ ይዛ ነበር፦ “ሲን ካርኔ፣ ሲን ፔስካዶ፣ ሲን ኡዌቮ፣ ሲን ሌቼ።” ያለ ሥጋ፣ ያለ ዓሣ፣ ያለ እንቁላል፣ ያለ ወተት። አስተናጋጁ እየሳቀ “ታዲያ ምን ቀረ?” በሚል ዓይን አያት። በኋላ የተጠበሰ አርቲቾክ፣ የወይራ ዘይት የፈሰሰበት ቲማቲምና ዳቦ፣ ከስፒናች ጋር የተሠራ ሽምብራ ይዞ መጣ። ሽምብራውን ስትቀምስ “በርበሬ ቢነካው ኖሮ የእናታችን ነበር” አለች።

ፓኤያ እዚያው የተወለደ ምግብ ነው። ዋናው የቫሌንሲያ ፓኤያ ውስጥ ዶሮና ጥንቸል አለ። ጥንቸል በእኛ ቤት በፍስክም የማይነካ ስለሆነ የማትጾሙም ጠይቃችሁ እዘዙ። የአትክልት ፓኤያ አለ። ሆኖም መረቁ ከዶሮ አጥንት ሊሆን ይችላልና እሱም ይጠየቃል። አብዛኛው ቤት ከሁለት ሰው በታች አያዘጋጅም። ለብቻ የሚሄድ ሰው ይህን ቢያውቅ ጥሩ ነው።

ለጾመኛ ኦርቻታ የሚባል መጠጥ አለ። ነጭ ነው፣ ወተት ይመስላል፤ ግን ከመሬት ሥር ከሚበቅል ትንሽ ፍሬ ነው የሚጨመቀው፣ የወተት ጠብታ የለበትም። የኦርቻታው መንደር አልቦራያ ሲሆን ከቤኒማክሌት ቀጥሎ በዚያው በ3 ቁጥር ሜትሮ ይደረሳል። በ3 ዩሮ አካባቢ አንድ ብርጭቆ ጠጣን። አብሮት የሚቀርበው ለስላሳ ዳቦ እንቁላል ስላለበት የእህቴም ድርሻ ለእኔ ሆነ።

ዓርብ ጠዋት ማዕከላዊ ገበያው ሄደን ብርቱካን፣ ወይራ፣ ለውዝና ዳቦ ሸመትን። በ1928 የተከፈተ፣ ከመስታወትና ከብረት የተሠራ ትልቅ አዳራሽ ነው። እሑድና በበዓል ይዘጋል። አብዛኛው ሱፐርማርኬትም እሑድ ዝግ ነው። ከፊታችን የበዓል መዓት ስለነበረ የዓርቡ ሸመታ ቁርስና እራታችን ሆነ። ዲሴምበር የብርቱካን ወቅት ነው፤ ሁለት ኪሎው ከአንድ ማኪያቶ ዋጋ ብዙም አይርቅም። የቧንቧው ውኃ ይጠጣል፤ ጣዕሙ ግን ያስቀይማል።

እሑድ። ማራቶኑ የሚጀመረው ከጠዋቱ 2 ሰዓት አልፎ፣ ፀሐይ ገና ብቅ ስትል ነው። ለመመልከት አይከፈልም። መነሻው ላይ ሰው ስለሚተራመስ ብላስኮ ኢባኜስ የሚባለውን ሰፊ ጎዳና መረጥን፤ ከማደሪያችን በእግር ይደረሳል። አየሩ የአዲስ አበባን የኅዳር ጠዋት ይመስላል፤ ጃኬት ይበቃል።

ቴሌቪዥን የማያሳየው አንድ ነገር አለ። መጀመሪያ የፖሊስ ሞተሮች ያልፋሉ። ከዚያ ጫማ። ቀላል፣ ፈጣን፣ ሁሉም በአንድ ላይ የሚመታ የጫማ ድምፅ። ፊታቸውን ለይታችሁ ሳትጨርሱ ጀርባቸውን ታያላችሁ። ሴቶቹ ሲደርሱ እህቴ ባንዲራዋን እያውለበለበች “አይዞሽ! አይዞሽ የኔ እናት!” ብላ ጮኸች። አጠገባችን የቆሙ የስፔን ጎረምሶች ትንሽ አዳመጧትና ቀጣዩዋ ሯጭ ስትመጣ በአንድ ድምፅ “አይዞሽ!” አሉ። ከዚያ በኋላ ያለፈውን ሁሉ፣ ጢማም ጀርመናዊውንም ጭምር፣ “አይዞሽ” ሲሉት አረፈዱ።

የአውቶቡስ መስመሮች በዚያ ጠዋት ስለሚቆራረጡ ወደ መጨረሻው መስመር በቱሪያ መናፈሻ በኩል በእግር ወረድን። መናፈሻው ድሮ ወንዝ ነበር። በ1957 ጎርፍ ከተማዋን ካጠፋት በኋላ ወንዙን በደቡብ በኩል አዙረው አሮጌውን ቦይ ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ያህል የሚዘልቅ መናፈሻ አደረጉት። በኦክቶበር 2024 በአውራጃው የወረደው ጎርፍ ከ220 በላይ ሰው ሲገድል፣ በአብዛኛው የተጎዱት ከአዲሱ ቦይ ወዲያ ያሉት ከተሞች ናቸው። ይህን አውቆ በዚያ ሣር ላይ መሄድ ሌላ ስሜት አለው።

ሌላው ጉብኝት ብዙ አላስወጣንም። ላ ሎንሃ የተባለው የድሮ የሐር ገበያ ሌላ ቀን 2 ዩሮ ነው፤ እሑድና በበዓል በነጻ ይገባል። እኛም እሑድ ከሰዓት በፊት ሩጫው እንዳለቀ ደረስንበት። ካቴድራሉ ይከፈልበታል። እህቴ ግን ክርስቶስ በመጨረሻው እራት የያዘው ነው የሚባለውን ጽዋ ሳላይ አልሄድም ስላለች ገባን። የባሕር እንስሳት ማሳያውን ዋጋ አይተን ወደ ባሕሩ ዳርቻ ሄድን፤ እሱ ነጻ ነው።

ቫሌንሲያ ከረገጥኩ በኋላ፣ አልጋውን ሳይጨምር፣ ለምግብ፣ ለሜትሮና ለመግቢያ ያወጣሁት 150 ዩሮ አካባቢ ነው። የአልጋ ድርሻዬ 200፣ ባቡሩ 41። ቪዛና ኢንሹራንስ ከ120 ትንሽ ከፍ ይላል። አውሮፕላኑን ታውቁታላችሁ።

እንደገና ብሄድ ኦክቶበር መጨረሻ ላይ ላለው ግማሽ ማራቶን ነው የምሄደው። ዮሚፍ ቀጄልቻ በ2024 በ57:30 ክብረ ወሰን የሰበረው በዚያ ውድድር ነው። ጾመ ነቢያት ገና አልገባም፣ የበዓል ግርግሩ የለም፣ ባሕሩም እንደዚያ አይቀዘቅዝም። ለዚያ የሚያስብ ካለ የቪዛ ማመልከቻው ከኤፕሪል መጨረሻ ጀምሮ ይቻላል፤ የሚሰረዝ አልጋ መያዝ ግን ዛሬም ይቻላል።