ለሦስት ነጥብ የተኳረፈ መሥሪያ ቤት

መሥሪያ ቤታችን ሰሞኑን ለሁለት ተከፍሏል። የተጣላነው በደመወዝ አይደለም፣ በቦነስም አይደለም። በሦስት ነጥብ ነው። የምሠራው እዚሁ ጎንደር፣ አንድ ባንክ ውስጥ ነው፤ ስሙን አልጠራም፣ እንጀራዬ ነው። ለሱፐርቫይዘርነት የውስጥ ማስታወቂያ ወጣና አንድ ወንድና አንዲት ሴት መጨረሻ ደረሱ። ውጤት ተለጠፈ። ወንዱ በሁለት ነጥብ ይበልጣል። ግን "ለሴት ተወዳዳሪ የሚታከል" በሚለው ሳጥን ውስጥ 3 ተጽፏል፣ እሷ አለፈች። ከዚያን ቀን ወዲህ ምሳ እንኳ አብሮ የሚበላ ጠፋ። ቴሌግራም ግሩፓችን ላይ "እንኳን ተወለድክ" ሳይቀር አግቦ ሆኗል።

ፕሮግራሙ አዲስ አይደለም። ዋናው ቢሮ "ብዝኃነትና አካታችነት" ብሎ ካወረደው ቆይቷል። አዲስ አበባ ስልጠና ተሰጠ፣ የሄዱት አበላቸውን ይዘው ተመለሱ፣ ካውንተሩ አጠገብ ፖስተር ተሰቀለ። ፖስተሩ ላይ በተሽከርካሪ ወንበር የተቀመጠ ሰው ይስቃል። የቅርንጫፋችን መግቢያ ደግሞ ደረጃ ብቻ ነው፤ ያ ሰውዬ በእውን ቢመጣ በር ላይ ነው የሚቀረው። ስለዚህ ማንም ትንፍሽ አላለም። ጩኸቱ የመጣው ፕሮግራሙ የሰው ወንበር ሲነካ ነው።

የቅሬታው ዋና ጠበቃ የኦዲት ልጅ ነው። ተወዳዳሪው እሱ አይደለም፣ ግን እንደ ራሱ ጉዳይ ይዞታል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን ስልኩ ላይ ጭኖ ይዞራል። አንቀጽ 87 ሴቶች ለቅጥር ወይም ለደረጃ እድገት ከወንዶች ጋር ተወዳድረው እኩል ውጤት ካመጡ ቅድሚያ ያገኛሉ ይላል። "እኩል ነው እኮ የሚለው! የተበለጠ ሰው እኩል ነው እንዴ?" እያለ ጠረጴዛ ይደበድባል። ነገሩ ውሃ ያነሳል። ሦስቷ ነጥብ የመጣችው ከአዋጁ ሳይሆን ከባንኩ መመሪያ ነው። የእሷ ደጋፊዎች ደግሞ ሕገ መንግሥቱን ይመዛሉ። አንቀጽ 35 ሴቶች በበታችነት በመታየታቸው የወረሱት ጉዳት እንዲታረም ተጨማሪ ድጋፍ የማግኘት መብት ይሰጣቸዋል። አዋጁ ትንሹን አስቀመጠ እንጂ ከዚያ በላይ አትስጡ አላለም፣ ነው የሚሉት። እኔ ጠበቃ አይደለሁም። ግን ሁለቱም ወገን ዝም ብሎ እየጮኸ እንዳልሆነ ይገባኛል።

እድገቱ የቀረበትን ልጅ በደንብ አውቀዋለሁ። ሥራ ላይ ቀልድ አያውቅም። ሚስቱ በቅርቡ ወልዳለች፣ የቤት ኪራይ ተጨምሮበታል፣ ያቺን የደመወዝ ጭማሪ ገና ሳትመጣ በሐሳቡ መንዝሯት ነበር። ስለ ታሪክ በደል ብታወራለት "እኔ ማንን በደልኩ?" ቢል አይፈረድበትም። ያለፈችውም ቢሆን ደስታ አላየችም። "እንኳን ደስ አለሽ" የሚላት ሰው ሁሉ ሳቁ ውስጥ ሦስቷ ነጥብ አለች። "አሸንፌ እንደ ሌባ አንገቴን ደፍቼ ነው የምገባው" አለችኝ።

"አሜሪካ እንኳ ትታው የለ?" የሚልም አለ። ቲክቶክ ላይ ያየውን ይዞ ይመጣል። እውነት አለው፣ ግን ግማሽ ነው። ፕሬዚዳንት ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1965 ያወጡትን፣ ከፌዴራል መንግሥቱ ጋር ውል ያላቸው ድርጅቶች በቅጥር አድልዎ እንዳያደርጉና እኩል ዕድል እንዲሰጡ የሚያስገድደውን ትእዛዝ ትራምፕ በጃንዋሪ 2025 ሽረውታል። ዋልማርትና ሜታም ከፕሮግራማቸው ወደ ኋላ ብለዋል። በዚያው በጃንዋሪ ግን ኮስትኮ የሚባለው ትልቅ የችርቻሮ ድርጅት ባለአክሲዮኖች ፕሮግራሙ ለድርጅቱ ስጋት መሆን አለመሆኑ ይጠና የሚለውን ሐሳብ ከ98 በመቶ በላይ በሆነ ድምፅ ጥለውታል። ጁን 2025 ላይ ደግሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤታቸው እድገት ተከለከልኩ ብላ በከሰሰች አንዲት የኦሃዮ ሴት ጉዳይ፣ ከብዙኃኑ ወገን ነሽ ተብሎ ከሌላው የበለጠ ማስረጃ አምጪ ልትባል አይገባም ሲል በአንድ ድምፅ ወስኗል። ይህን ሁሉ የሚያወራልኝ ሰው የዘለላት ነገር ግን አለች። አሜሪካ ውስጥ በዘር ወይም በጾታ ተለይቶ የሥራ ፈተና ውጤት ላይ ነጥብ ማስተካከል እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ በሕግ ክልክል ነው። እነሱ የሚጣሉት በአብዛኛው ስለ ምልመላና ስለ ስልጠና፣ ስለ ዒላማ ቁጥርም ነው። የእኛዋ ዓይነት ሳጥን ቀድሞውንም የላቸውም። እና የእነሱን ጸብ ተውሰን የራሳችንን ባንዳኘው ይሻላል።

አንድ ቀን ከሥራ ወጥተን ፒያሳ ማኪያቶ ይዘን ተቀምጠናል። ክርክሩ ተከትሎን መጣ። ከልጆቹ አንዷ "የምንትዋብ አገር ሰው ሴት አለቃ ያስደነግጠዋል?" አለች። ጋሼ የምንላቸው ጡረታ የቀረባቸው ባልደረባችን ሳቅ አሉ። "እቴጌማ መቼ ተወዳደሩ ልጄ? ንጉሥ አገቡ፣ ባላቸው ሲሞቱ ሕፃኑን ልጃቸውን አንግሠው ሥልጣኑን ያዙ፣ ከዚያ ወንድማቸውን ራስ አሉና የቋራ ዘመዶቻቸውን ግቢ አስገቡ። ያኔም የሚሾመው የሚታወቅ ሰው ነበር።" ሁላችንም ሳቅን። እኔ ግን ያች የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣችም፤ ምክንያቱም የኛም ጉድ ያለው እዚያ ነው።

የውጤት ወረቀቱን ሄጄ ደግሜ አየሁት። የሥራ አፈጻጸም፣ የሥራ ልምድ፣ ትምህርት፣ ኢንተርቪው፣ የማኅደር ጥራት። ሁሉም ሰው ዓይኑ የሄደው መጨረሻው ሳጥን ላይ ነው። መሃል ላይ ግን "በውክልና የሠራ" የሚል አለ፣ ከ5 የሚያዝ። ወንዱ 5 አለው። እሷ 0።

ውክልና እንዴት እንደሚሰጥ ለማያውቅ ልንገር። ሱፐርቫይዘሩ ዓመት ፈቃድ ሲወጣ ወይም ለስልጠና ሲሄድ ቦታውን የሚይዝ ሰው ደብዳቤ ይጻፍለታል። ማስታወቂያ የለ፣ ውድድር የለ፣ ኮሚቴ የለ። ማታ ሥራ አስኪያጁ ከወንዶቹ ጋር ቢራ ይዞ ይቀመጣል (እኔም እቀመጣለሁ፣ ቢራው ጥሩ ነው)፣ "ነገ አንተ ያዝልኝ" ይላል፣ ጠዋት ደብዳቤው ተተይቦ ይገኛል። ሴቶቹ እዚያ ጠረጴዛ ላይ የሉም። ስማቸው ሲነሳ ደግሞ "እሷ ቤቷ አዘዞ ነው፣ ካሽ ተዘግቶ እስኪወጣ ይመሻል፣ ለምን እናስቸግራታለን" ይባላል። በቅንነት ነው የሚሉት እኮ! ጠይቋት የሚያውቅ ግን የለም።

እና የምታመሸው ማን ሆና ነው? ካሹ ባላንስ አላደርግ ያለ ቀን የምትጠራው ያችው ያለፈችው ልጅ ናት። ደረሰኙን በየዓይነቱ ለይታ ትደረድረዋለች፣ በቀይ እስክሪብቶ አንድ በአንድ ምልክት እያደረገች ትወርዳለች፣ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል ግን ድምፅ አይወጣትም። ልዩነቱ ሲገኝ እስክሪብቶውን ታስቀምጥና "ይቺት" ትላለች። አንድ ጊዜ አንድ ዜሮ ተዘልላ የገባች ቁጥር አግኝታ ካዝናውን የሚዘጉት ሁለቱ ባለቁልፎች ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ነው ወደ ቤታቸው የሄዱት። እሷም አብራ አመሸች። ያ ሥራ በየትኛው ሳጥን ውስጥ ገባ? በየትኛውም። ውክልና አልነበረማ።

ስለዚህ "በችሎታ ብቻ ይሁን" የሚለኝን ሰው ሁሉ እሺ እለዋለሁ። እኔም ችሎታ ነው የምፈልገው፣ እንዲያውም ከኦዲቱ ልጅ በላይ። ግን ለቢራ ጠረጴዛው አምስት ነጥብ አንድም ቀን ደብዳቤ ሳይጽፍ ለፖስተሩ ሦስት ነጥብ አቤቱታ የሚያስገባ ሰው ችሎታ ሲለኝ ይከብደኛል። ሦስቷ ቢያንስ ተለጥፋለች። ታያታለህ፣ ትቃወማታለህ። አምስቷ የተሰጠችው ማታ ነው።

ይህን ስል ፕሮግራሙን ማሞገሴ አይደለም። ሰነፍ ፕሮግራም ነው። ዓመቱን ሙሉ አንዲት ሴት ውክልና ሳትይዝ፣ ለስልጠና ሳትላክ ቆይታ ውድድሩ ሲያልቅ ሦስት ነጥብ መወርወር ምን ይሉታል? ወንበሩን ትይዘዋለች፣ ከዚያ መጀመሪያ ስትሳሳት "ብለን ነበር" ይባላል። ዋናው ቢሮ ደግሞ ሪፖርቱ ላይ አንዲት ሴት ሱፐርቫይዘር ጨመርኩ ብሎ ይጽፋል፣ ለእሱ ይበቃዋል።

ከምሳ ጸባችን የወጣ አንድ ነገር ግን አለ። የውክልና ተራ በዝርዝር ወጥቶ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ፣ መስፈርቱን የሚያሟላ ሁሉ በየተራው ይያዝ፣ አልፈልግም የሚል ካለ ራሱ ፈርሞ ይተው የሚል ደብዳቤ አዘጋጅተን ለዲስትሪክት አስገብተናል። ጋሼ ፈረሙ። የቀረበት ልጅም ፈረመ፣ ይህ እኔን አስገርሞኛል። የኦዲቱ ልጅ ግን መጀመሪያ አልፈርም አለ፣ ኋላ "ሦስቷ ነጥብም ትነሳ የሚል ይጨመርበት" አለ። ውክልናው ለሁሉም በተራ ከደረሰ ከሁለት ዓመት በኋላ እንነጋገርበት አልኩት። አይሆንም፣ ዛሬውኑ አለ። በዚህ አልተስማማንም፤ ከፊርማው ጎን ቅሬታውን በእጁ ጽፎ ነው የፈረመው።