ከባሱ ወደ ላይ መስማት፦ ደሴ ላይ ያሳለፍነው የቻምበር ሙዚቃ ክረምት

ባለፈው ሰኔ የቻምበር ሙዚቃ (በጥቂት ተጫዋቾች ያለ መሪ የሚቀርብ ሙዚቃ) ፈተናችንን ተጫውተን እንደጨረስን መምህራችን ወደ እኔ ዞሩና፣ ከተጫወትነው ክፍል የመጀመሪያዎቹን ስምንት ባሮች (የምት መለኪያዎች) የሴሎውን፣ ማለትም ዝቅተኛውን የባስ ድምፅ የሚይዘውን መሣሪያ፣ ድርሻ እንዳዜምላቸው ጠየቁኝ። የራሴን የቪዮላ (ከቫዮሊን ድምፁ ዝቅ የሚል መሣሪያ) ድርሻ በቃሌ አውቀዋለሁ፤ የአንደኛውን ቫዮሊን ዜማም እንዲሁ። የሴሎውን ግን ሁለት ኖታ አዚሜ ቆምኩ። አንድ መንፈቀ ዓመት ሙሉ አጠገቤ ሲጫወት የኖረውን ድምፅ አላውቀውም ነበር። ሁለተኛ ቫዮሊን የምትጫወተው ጓደኛችንም ተጠይቃ እንደ እኔው ሆነች። ከዚያ ቀን በኋላ፣ ከሐምሌ መጀመሪያ እስከ ጳጉሜን፣ ደሴ ላይ ያደረግነውን ልምምድና የደረስንበትን ደረጃ እንደኛው በትንሽ ቡድን ለምትጫወቱ የሙያ ጓደኞቼ ለማካፈል ይህን ጽፌያለሁ።

አራታችንም የምንማረው አዲስ አበባ በሚገኘው ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ነው። እኔና ሴሎ ተጫዋቹ የደሴ ልጆች ነን፤ አንደኛ ቫዮሊን የምትጫወተው የኮምቦልቻ ልጅ ናት፤ ሁለተኛ ቫዮሊን የምትጫወተው ደግሞ ከወልድያ መጥታ ክረምቱን አክስቴ ቤት ተቀመጠች። የምንለማመደው ሰኞ ገበያ አካባቢ ባለው በዚሁ የአክስቴ ቤት ሳሎን ውስጥ ነበር። ወለሉ ምንጣፍ፣ ዙሪያው ፍራሽ ስለሆነ ክፍሉ ድምፅ ይውጣል። ለአድማጭ ባይመችም ለልምምድ ግን ከዚህ የተሻለ ክፍል አላገኘሁም፤ የሚያስተጋባ አዳራሽ የሚሸፍነውን የቅኝት ጉድለት እዚያ የሚሸፍነው የለም።

ለክረምቱ የመረጥነው አንድ የሙዚቃ ክፍል ብቻ ነው፤ የአቀናባሪው ዮሴፍ ሃይድን ኦፐስ (የሥራ ቁጥር) 76 ቁጥር 3 ኳርቴት (ለአራት ባለ ክር መሣሪያዎች የተጻፈ ሙዚቃ) ሁለተኛ ክፍል። ሃይድን ዜማውን መጀመሪያ የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1797 ለንጉሠ ነገሥት ፍራንዝ ልደት መዝሙር እንዲሆን ነው፤ ዛሬ የጀርመን ብሔራዊ መዝሙር የሚዜመው በዚሁ ዜማ ነው። እኛን የሳበን ግን ታሪኩ ሳይሆን አሠራሩ ነው። 20 ባር የሆነው ዜማ በአንደኛው ቫዮሊን ከተሰማ በኋላ በአራት ቫሪየሽኖች (የዜማው ልዩ ልዩ አቀራረቦች) ይመላለሳል፤ በመጀመሪያው ሁለተኛው ቫዮሊን፣ በሁለተኛው ሴሎው፣ በሦስተኛው ቪዮላው፣ በአራተኛው እንደገና አንደኛው ቫዮሊን ይይዘዋል። ዜማው ራሱ አይለወጥም፤ የሚለወጠው በዙሪያው ያለው ነገር ነው። ስለዚህ እያንዳንዳችን ዜማ የምንይዝበትም፣ ለሌላው ዜማ ቦታ የምንለቅበትም ተራ አለን። የሌላውን ድርሻ አለማወቅ ዋና ጉድለቱ ለሆነ ቡድን ከዚህ የሚሻል መማሪያ አላውቅም።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ከቁራጩ አንድ ባር እንኳ አልነካንም፤ የተቃኘነው ብቻ ነው። የምንጀምረው ማለዳ ቡናው ሲቆላ ነው። አቦሉ እስኪቀዳ ክፍት ክሮችን (ጣት ሳይነካቸው የሚመቱትን)፣ ከቶና በኋላ ኮርዶችን (አንድ ላይ የሚሰሙ ድምፆችን)፣ ከበረካ በኋላ የቀረውን እንሠራለን የሚል ደንብ አወጣን። አክስቴ ደንቡን ከእኛ በላይ አክብረውታል፤ ቅኝቱ ካልተስማማ አቦሉን ያዘገዩብን ነበር።

የቅኝቱ ነገር ሰፊ ስለሆነ ትንሽ ልዘርዝረው። ፒያኖ ላይ አንድ ኦክታቭ እኩል በሆኑ 12 ግማሽ ድምፆች ይከፈላል፤ እያንዳንዱ ግማሽ ድምፅም 100 ሴንት ተብሎ ይለካል። እኛ ግን ክሮቻችንን የምንቃኘው በአምስተኞች (ከአንዱ ድምፅ እስከ አምስተኛው ባለ ርቀት) ነው፤ ሴሎና ቪዮላ ዶ፣ ሶል፣ ሬ፣ ላ፤ ቫዮሊን ሶል፣ ሬ፣ ላ፣ ሚ። እያንዳንዱን አምስተኛ ድምፁ መርገብገቡን እስኪያቆም ድረስ አጥርተን ከቃኘን በኋላ የሴሎውን ዝቅተኛ ዶ ከቫዮሊኑ ክፍት ሚ ጋር አንድ ላይ ስናሰማ፣ ሚው ከዶ ጋር ሊኖረው ከሚገባው ንጹሕ ሦስተኛ በ22 ሴንት ያህል ከፍ ብሎ ይገኛል። ይህ የግማሽ ድምፅ አንድ አምስተኛ ነው፤ ማንኛውም ጆሮ ይሰማዋል። ማንም አልተሳሳተም፤ እያንዳንዱ ክር ከጎረቤቱ ጋር በትክክል ተስማምቶ ሳለ ዳርና ዳር ያሉት ሳይስማሙ ይቀራሉ። መፍትሔው አምስተኞቹን ሁሉ በጥቂት በጥቂቱ ማጥበብ ነው። ከላ ተነሥተን ወደ ታች ሬን፣ ሶልን፣ ዶን ከንጹሑ አምስተኛ በእጅጉ ጥቂት ከፍ እያደረግን፣ ሚን ደግሞ በእጅጉ ጥቂት ዝቅ እያደረግን ስንቃኝ፣ ዳርና ዳሩ ይቀራረባል። ይህን በጆሮ ለመሥራት ዘጠኝ ቀን ፈጅቶብናል።

ከዚያ ቀጥሎ ያለውን ሁለተኛ ቫዮሊን ተጫዋቿ አሳየችን፤ እስካሁን ሳስበው ይገርመኛል። በላ ክር ላይ በመጀመሪያ ጣቷ ሲን ያዘችና ከክፍት ሚ ጋር አብራ መታችው፤ ድምፁ ጠርቶ ቆመ። ጣቷን ሳታንቀሳቅስ ያንኑ ሲ ከክፍት ሬ ጋር ስትመታው ሻከረ። ከሬ ጋር እንዲስማማ ጣቷን ወደ ኋላ ሳብ ማድረግ ነበረባት፤ የሳበችው ከጥቂት ሚሊ ሜትር አይበልጥም። ወደ ሚ ስትመለስ ደግሞ አዲሱ ሲ ሻከረ። እዚያው ጣት ሥር ሁለት ሲ አለ ማለት ነው፤ ትክክለኛው የትኛው እንደሆነ የሚወስነው ከሥሩ ያለው ድምፅ ነው። የምንለማመደው የሃይድን ክፍል በሶል ሜጀር (ሶልን መነሻው ባደረገ ስኬል) ስለሆነ ሲ የኮርዱ ሦስተኛ ሆኖ ደጋግሞ ይመጣል፤ ሴሎው ሶልን ሲይዝ፣ ሲው መቃኛ መሣሪያው ከሚያሳየው በ14 ሴንት ያህል ዝቅ ሲል ነው ኮርዱ የሚረጋው። እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ የመቃኛ መሣሪያውን መርፌ መሀል ስፈልግ ኖሬያለሁ።

በስልክ መተግበሪያ መቃኘታችንን ያስቆሙን ግን ጎረቤታችን ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ በየሠርግ ቤቱ ማሲንቆ ሲመቱ የኖሩ ሽማግሌ ናቸው፤ አንድ ቀን ለቡና ተጠርተው መጥተው በሩ አጠገብ ተቀምጠው ያዳምጡን ነበር። አራታችንም ስልክ ላይ አቀርቅረን ስንቃኝ ቆይተው፣ «ልጆቼ፣ እኔ ማሲንቆዬን የምቃኘው ለዘፋኙ ድምፅ ነው። እናንተ ለማን ነው የምትቃኙት?» አሉ። ዘፋኝ የለንም አልኳቸው። «እንዴት የላችሁም፣ ያ ትልቁ ነዋ!» ብለው በከዘራቸው ሴሎውን አመለከቱ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስልኩ ለላ ብቻ፣ ያውም ለሴሎው ብቻ ሆነ፤ ሌሎቻችን ላን ከሴሎው እንወስዳለን። በእያንዳንዱ ኮርድ ላይም መጀመሪያ ሴሎው ብቻውን ይጫወታል፤ በላዩ አምስተኛውን የያዘው ይጨመራል፤ ሦስተኛውን የያዘው መጨረሻ ላይ ይገባል። አካሄዱ በኳርቴት ተጫዋቾች ዘንድ የታወቀ ነው፤ መምህራችንም ከአንድ ጊዜ በላይ ነግረውናል። እኔ ግን የገባኝ ከዚያ ከዘራ በኋላ ነው።

ስለ አየሩ አንድ ነገር ማንሣት አለብኝ። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ በ25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ ሆና ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች። በሐምሌ ጠዋት ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ከተማውን ሲሸፍን የቦው (ክሩን የምንመታበት ቀስት) ፀጉር እርጥበት ስቦ ይረዝማል፤ ብሎኑን ብታጠብቁትም እንደላላ ይቆያል፤ የክሩ መቃኛ እንጨት ደግሞ አብጦ አልዞርም ይላል። ለሁለት ቀን አንደኛ ቫዮሊኗ ቤት ልንለማመድ ኮምቦልቻ ስንወርድ፣ ሙቀቱ ክሩን አላልቶ ቅኝታችን ሁሉ ወረደ፤ የቦው ፀጉሬም ከሚገባው በላይ ተወጥሮ አገኘሁት። መሣሪያ ይዛችሁ በዚህ መንገድ የምትመላለሱ፣ ከመነሣታችሁ በፊት ቦዋችሁን አላሉ፤ ስትደርሱም ሳጥኑን ከፍታችሁ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ሳትነኩት ተዉት።

በሐምሌ አጋማሽ ወደ ቁራጩ ገባን። የመጀመሪያው ችግር አጀማመሩ ነው። ዜማው የሚነሣው በሙሉ ባር ሳይሆን ከባሩ በፊት በሚመጣ ግማሽ ባር ነው፤ መሪ ስለሌለ ያን መነሻ የሚሰጠው የአንደኛዋ ቫዮሊን ትንፋሽ ነው። ትንፋሹ ከተቻኮለ ዜማው ይቻኮላል፤ ከተቆረጠ እኛ እንበታተናለን። ለሦስት ቀናት ያደረግነው መተንፈስና የመጀመሪያውን ኖታ መንካት ብቻ ነበር። የዚህን ጥቅም ለሰው ማስረዳት ያስቸግራል፤ ከሦስተኛው ቀን በኋላ ግን ማንም «እንጀምር» ማለት አላስፈለገውም።

የመጀመሪያው ቫሪየሽን የሁለቱ ቫዮሊኖች ብቻ ነው፤ ሁለተኛዋ ዜማውን ስትይዝ አንደኛዋ በፈጣን ኖታዎች ትከባታለች። እኔና ሴሎው እጃችንን አጣጥፈን እንሰማለን። ፈጣኑን የያዘችው በጣም ጎበዝ ናት፤ ለዚህም ነው ዜማው የጠፋው። ከቦዋ መሀል ወደ ጫፉ አካባቢ ተዛውራ፣ ክብደቱን አንሥታ ስትጫወት፣ ሁለተኛዋ ድምጿን ከፍ ሳታደርግ ተሰማች። በሦስተኛው ቫሪየሽን ዜማው ለእኔ ሲደርስ እኔም ያንኑ እርዳታ ስፈልግ ነበር፤ የቪዮላ ድምፅ በመካከለኛው ክልል ላይ በቀላሉ ይዋጣል። የሠራሁት ስህተት ዜማው በመጣልኝ ቁጥር መጫን ነው። ሁለተኛ ቫዮሊኗ እኔ ስጫወት የእኔን ድርሻ ጮክ ብላ እንድታዜም፣ እኔም እርሷ ስትጫወት የእርሷን እንዳዜም ተስማማን፤ የት ላይ ትንፋሽ እንደሚያስፈልገኝ ከእርሷ አዜማዜም ተማርኩ፤ ከዚያ በኋላ መጫኑ አላስፈለገኝም።

በነሐሴ አንድ ከሰዓት በኋላ ቁራጩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ስናወርድ ዝናቡ በረዶ ቀላቅሎ በቆርቆሮው ላይ ወረደ። የራሴን ቪዮላ እንኳ በአገጬ ንዝረት ካልሆነ አልሰማውም ነበር። ልናቆም ስንል ሴሎ ተጫዋቹ በራሱ ምልክት ሰጠንና ቀጠልን። ዋናው ዜማ አለቀ፤ የሁለቱ ቫዮሊኖች ቫሪየሽንም በዓይን ብቻ ሄደ። ሁለተኛው፣ ሴሎው ዜማውን የሚይዝበት፣ ገና አራት ባር ሳይሞላ ፈረሰ። ምክንያቱ ግልጽ ነበር፤ ጆሯችን ሲዘጋ ዓይናችን በልማድ የሄደው ወደ አንደኛዋ ቫዮሊን ነው፤ ዜማው ግን እርሷ ዘንድ አልነበረም። በማግስቱ ወንበሮቹን አዛወርን፤ የሴሎ ተጫዋቹን የቀኝ እጅ አንጓ ቀጥታ ከማይበት ቦታ ተቀመጥኩ። ቦውን አቅጣጫ ከማስለወጡ በፊት አንጓው ትንሽ ከፍ ትላለች፤ አሁን የምገባው እርሷን አይቼ ነው።

ከሃይድን ጎን ለጎን፣ ሽማግሌው ያዜሙልንን አንድ የአምባሰል ዜማ ለአራት ለማዘጋጀት ሞክረናል። የአምባሰል ድምፆች ዶ፣ ሬ ፍላት (በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ሬ)፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት ናቸው። ከዶ በላይ ሦስተኛ ድምፅ የለም፤ ስለዚህ በትምህርት ቤት የለመድነው የሦስት ድምፅ ኮርድ መነሻው ላይ አይቆምም። በመጀመሪያው ረቂቄ ላይ ሚ ፍላት ጨምሬ ኮርዱን ሞላሁት፤ ሲሰሙት «ይኼ የእኛ አይደለም» አሉኝ፤ ልክ ናቸው። በሁለተኛው ሚን አወጣሁ፤ ሴሎው ክፍት ዶና ሶልን ብቻ ይዞ እንዲቆይ፣ ሁለቱ ቫዮሊኖችና ቪዮላው ያንኑ ዜማ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ማስጌጫ እንዲሄዱበት አደረግሁ፤ ክራር፣ ማሲንቆና ዋሽንት አንድ ላይ ሲጫወቱ እንደሚያደርጉት። ይኼኛው ቆመ። ያልፈታነው የሬ ፍላቱን ነገር ነው፤ ሽማግሌው ወደ ዶ ሲወርዱበት እኛ ከምናስቀምጠው ቦታ ዝቅ ያደርጉታል፤ ሲወጡበት ግን እንደዚያ አያደርጉም። ሦስታችን በአንድ ጊዜ ያን ማድረግ ገና አልቻልንም። አምባሰልን ወይም አንቺ ሆዬን ለኳርቴት አዘጋጅታችሁ የሞከራችሁ ካላችሁ፣ እዚህ ላይ ምን እንዳደረጋችሁ ብትጽፉልን በጣም እንጠቀማለን።

ጳጉሜን ላይ ራሳችንን ፈተንን። እያንዳንዳችን መሣሪያችንን አስቀምጠን የሴሎውን ድርሻ ከዋናው ዜማ እስከ አራተኛው ቫሪየሽን አዜምን። ሁለቱ ቫዮሊኖች ጨረሱት። እኔ እስከ አራተኛው ቫሪየሽን ሦስተኛ ሐረግ ድረስ ሄድኩና እዚያ ላይ ሳላስበው ወደ ራሴ ድርሻ ገባሁ። ደጋግሜ ሞከርኩት፤ ሁልጊዜ የሚያመልጠኝ እዚያው ቦታ ላይ ነው። አዲስ አበባ ተመልሰን የመጀመሪያውን ልምምድ የምንጀምረው ከዚያ ባር ነው።