የቀረችኝ አንድ ኪሎ

የአክስቴ ልጅ ሲያትል ነው የሚኖረው። እዚያ አካባቢ ካሉት ሐይቆች ትራውት የሚባለውን ዓሣ ያጠምዳል። ዳር ቁጭ ብሎ አይደለም፤ ማጥመጃውን ከትንሽ ጀልባው ኋላ እየጎተተ ነው። ሰሞኑን ቴሌግራም ላይ ድምፅ ላከልኝ። «ሰው ይመጣል፣ ሁለት ኪሎ ቦታ ሰጥቶኛል፣ ምን ልላክልህ?» ባለቤቴ ሰማች። አንዱ ኪሎ ወዲያው የልጆች ጫማ ሆነ። የቀረችው አንድ ኪሎ የእኔ ናት። የሚነፋ ጀልባ የገዛ ሰው ሁሉ ምን ልግዛ እያለ ስለሚጠይቀኝ፣ በምን እንደሞላኋት ልጻፈው።

እሱ መጀመሪያ ያሰበው ዳውንሪገር ነበር። ጀልባው ጎን ላይ የሚታሰር ማጠንጠኛ ነው። በቀጭን ሽቦ ከባድ የእርሳስ ኳስ ወደ ታች ያወርዳል። ክራችሁ ኳሱ ላይ ተይዞ አብሮ ይወርድና ዓሣ ሲነክስ ይለቀቃል። ኳሱ ብቻ ሦስት አራት ኪሎ ይመዝናል፤ መንገደኛው ይረግመናል። ክብደቱም ባይኖር ለእኛ ውሃ አይሆንም። ትራውት ከ13 እስከ 16 ዲግሪ የሆነ ውሃ ነው የሚስማማው። የሐይቁ ላይ ሲሞቅ ወደ ጥልቁ ይወርዳል፣ አጥማጁም ይከተለዋል። እኛ ጋ ቢሾፍቱ ሐይቅ 87 ሜትር ይጠልቃል ሲባል፣ ታች ትልልቅ ዓሣ ተኮልኩሎ የሚጠብቅ የሚመስለው ሰው አለ። የለም። የታችኛው ውሃ ኦክስጅን የለውም። በብርድ ወራት ላዩ ሲቀዘቅዝና ከታችኛው ጋር ሲደባለቅ ዓሣ ሞቶ የሚንሳፈፈው በዚሁ ምክንያት ነው። ስለዚህ እዚያ ታች ኳስ መስደድ ምን ይሠራል?

ትራውት ራሱ እኮ አገራችን አለ። ከኬንያ መጥቶ ባሌ ተራሮች ላይ፣ ዌብና ዳንካ ወንዞች ውስጥ ገብቷል። እዚያ ግን ወንዝ ነው፤ ጀልባ አያሻም።

እኔ ከቱሉ ዲምቱ ተነስቼ በፈጣን መንገዱ ሞጆ፣ ከዚያ ወደ ቆቃ ነው የምታጠፈው። የምፈልገው ቢልጫና አምባዛ ነው። ቆሮሶ አልጌ በሊታ ስለሆነ የሚያብረቀርቅ ብረት አሳዶ አይነክስም፤ እሱን ለመረብ ትቼዋለሁ። ቆቃ ደግሞ እንደ ቢሾፍቱ ሐይቆች ጥልቅ አይደለም። በዚህ ሰበብ ሊድ ኮር የሚባለውም ክር ቀረ። ውስጡ እርሳስ አለው፣ በየዘጠኝ ሜትሩ ቀለሙ ይለያያል፤ ስንት ቀለም እንደለቀቅህ ቆጥረህ ጥልቀቱን ትገምታለህ። ጥሩ ፈጠራ ነው። ለእኔ ግን እምቦጭ ላይ የሚጠመጠም ሌላ ጣጣ ነው።

ታዲያ ምን አስላክሁ? ክር። ተራ ናይለን፣ ስድስት ኪሎ የሚችል። የአክስቴ ልጅ ለትራውት ሦስት ኪሎ ተኩል ገደማ በሚችለው ነው የሚሠራው፤ አምባዛ ግን በዚያ ይስቃል። የተጠለፈውን ውድ ክር አልፈለግሁም። ጀልባው እየሄደ ዓሣው ሲነክስ ናይለን ትንሽ ይለጠጣል፤ የተጠለፈው አይለጠጥም፣ መንጠቆውን ከአፉ ነቅሎ ያመጣዋል። የሪሉንም፣ ማለትም የክር ማጠንጠኛውን፣ ፍሬን ላላ አድርጉት፣ በዚሁ ምክንያት። ርቀቱን የሚቆጥር ሪል ይሸጣል፤ እኔ ክሩን በየአሥር ሜትሩ በማርከር ቀለም ቀባሁት። ሠላሳ ሜትር ገደማ ከኋላ ይበቃል።

ከክሩ ቀጥሎ ስዊቭል፣ ብዙ። ክሩንና ማጥመጃውን የምታገናኝ፣ በራሷ የምትዞር ትንሽ ማያያዣ ናት። ስፒነር የሚባለው የሚያብረቀርቅ የብረት ማጥመጃ ሲጎተት ይሽከረከራል፣ ያለ ስዊቭል ክሩንም አብሮ ያጠነጥነዋል። አንዴ የተጠማዘዘ ናይለን ደግሞ አይታረቅም። ሳንቲም የሚያወጣ ዕቃ አይደለም፣ ግን እሱ ከሌለ ሌላው ሁሉ ከንቱ ነው።

ማጥመጃው መጨረሻ ላይ መጣ፦ ጥቂት ትንንሽ ስፒነርና አንድ ራፓላ፣ ትንሽ ዓሣ የሚመስል ማጥመጃ። ራፓላን ያስጨመርኩት ለታሪኩም ጭምር ነው። ፊንላንዳዊው ላውሪ ራፓላ በ1936 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያዋን ከቡሽ ጠርቦ፣ በቸኮሌት መጠቅለያ ፎይል ለብጦ ነው የሠራት። የሚያጠምደው እየቀዘፈ ነበር። ሞተር የለኝም ብላችሁ የምታዝኑ ይሄን አስቡ። ለትራውት የሚመከረው ፍጥነት በሰዓት ከሁለት ተኩል እስከ አራት ኪሎ ሜትር ነው፤ ሰው ተረጋግቶ ሲራመድ ማለት ነው። መቅዘፊያ ይበቃዋል። እንዲያውም ስትቀዝፉ ጀልባው ቸኮል ዘግየት ይላል፣ ማጥመጃውም ወጣ ወረድ ይላል፤ ብዙ ጊዜ የሚነከሰው እዚያ ላይ ነው። የዘንጉን ጫፍ ተመልከቱ። የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ስፒነሩ እየሠራ ነው። ዝም ካለ እምቦጭ ጎትታችኋል፤ ሰብስቡና አጽዱት።

ዘንግ መያዣ አላስላክሁም። እኔ የቧንቧ ሠራተኛ ነኝ፣ ፒቪሲ ቤቴ ሞልቷል። ባለ 50 ሚሊ ቧንቧ፣ ርዝመቱ ክንድ የማይሞላ። አናቱ ላይ የሪሉ እግር እንዲገባ በመጋዝ ትሰነጥቁታላችሁ። ጠርዙን በሞረድና በብርጭቆ ወረቀት በደንብ አለስልሱት፣ አለበለዚያ ጀልባውን ይቀደዋል። የሚነፋ ጀልባ በስቶ ቡሎን ማሰር አይቻልም፤ ስለዚህ መቀመጫው ጣውላ ላይ በሁለት ክላምፕ አሰርኩት፣ ወደ ጎንና ትንሽ ወደ ኋላ አዘንብዬ። ዘንጉንም በሲባጎ ከጣውላው ጋር እሰሩት። አምባዛ ሲነክስ እጃችሁ መቅዘፊያ ላይ ነው፣ ዘንጉን ይዞት ይሄዳል።

ጠዋት ግቡ፣ ከሰዓት ንፋስ ይነሳል። የቆቃ አስጋሪዎችን ሳትጠይቁ ደግሞ ወደ ሸምበቆው እንዳትጠጉ፤ ጉማሬ አለ። የት እንደዋለ ከእነሱ በላይ የሚያውቅ የለም።