ዘራፍ ብዬ ሞትኩ

ዋሽንግተን አጠገብ ካለችው ሲልቨር ስፕሪንግ የወጣነው አርብ ከሰዓት ነው። የምነዳው የሥራ ባልደረባዬን መኪና ነው፤ እሱ አጠገቤ ተቀምጦ ያወራል። ከኋላ ሁለት ጋሻ፣ አራት ሰይፍና የእናቴ ጋቢ ተደራርበዋል። ሰይፎቹ የስፖንጅ ናቸው። ውስጣቸው የፋይበርግላስ ዘንግ አለ፤ ዘንጉ ላይ ስፖንጅ ተጠቅልሎ ጨርቅ ለብሷል። ብሪዝዉድ ላይ ነዳጅ ስንቀዳ አንዲት ሴት በመስኮቱ ጋሻውን አየችና ምንም ሳትል አለፈች።

የምንሄደው ከፒትስበርግ በስተሰሜን ወዳለ የካምፕ ሜዳ ነው። ጨዋታው ላርፕ ይባላል። የጥንት ልብስ ለብሰህ፣ ስም አውጥተህ፣ ባላባት ወይም ሽፍታ ሆነህ ትሰነብታለህ። ለእኛ ሰፈር እንግዳ አይደለም። ዳጎርሂር የሚባለው የስፖንጅ ሰይፍ ጨዋታ እ.ኤ.አ. በ1977 የተጀመረው እዚያው ዋሽንግተን አካባቢ ነው።

ባልደረባዬ የድሮውን ጨዋታ አውርቶ አይጠግብም። በሰም የታሸገ ደብዳቤ የያዘ መልእክተኛ በሌሊት ይመጣ ነበር። ንጉሡ ሲያልፍ ሰው ሁሉ ብድግ ይል ነበር። እኔም አምኜ ተዘጋጀሁ፦ ርስቱን የተነጠቀ፣ ከሩቅ ተራራ የመጣ ባላባት። ጋቢው ካባዬ ነው።

በሩ ላይ ያለው ልጅ «ማን ነህ?» አለኝ። ጉሮሮዬን ጠረግ አድርጌ «ከሩቅ ተራራ...» ስል «መታወቂያ ማለቴ ነው» አለኝ።

ማታ ዘንዶ ከተሳለበት ባንዲራ ሥር ሁለት ባላባቶች ስለ መኪና ኢንሹራንስ ሲያወሩ አመሹ። ጠዋት ደግሞ ውጊያ። እግርህን ከተመታህ ትንበረከካለህ፤ ከእጅህና ከእግርህ ሁለቱ ከተመቱ ሞተሃል። ልጆቹ ፈጣኖች ናቸው፣ አይካድም። የሚያወሩት ግን ስለ እግር አጣጣልና ስለ ጉልበት መከላከያ ነው። ስፖርት ሆኗል። ብዙም አልፈርድባቸውም። ሕጉ የሚቆጥረው ምት ነው። ወሬ ስታሳምር ትመታለህ።

ልጅ ሆነን ዕቃ ዕቃ ስንጫወት ጭቃው ዶሮ ወጥ ነበር። አንዱ «ይሄ እኮ ጭቃ ነው» ካለ ወደየቤታችን ነው።

ሦስተኛው ዙር ላይ ግን አልቻልኩም። ጋቢዬን አጣፍቼ «ዘራፍ!» አልኩ። ከፊቴ ረጅም ሰይፍ የያዘ ጢማም ሰውዬ ቆሟል። ሰይፉን ዝቅ አድርጎ ጎንበስ አለ። «ጌታዬ፣ የማን ልጅ ነዎት?» በእንግሊዝኛ አንቱታ የለም፤ ድምፁ ግን አንቱ ይላል። ደስታዬ! አባቴን ጠርቼ ወደ አያቴ ስሻገር ጀርባዬን ጧ አደረገኝ። ዞር ስል አንድ ጎረምሳ እኔን መትቶ ወደ ሌላ ሰው እየሮጠ ነው። ሞቼ ሳሩ ላይ ተጋደምኩ።

«የቀረውን ማታ ይነግሩኛል» አለኝ ጢማሙ። እሱም ሮጠ።

ማታ ድንኳኑን አፈላልጌ ደረስኩ። ቁምጣ ለብሶ፣ ስልኩን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ፒዛ ይበላል። ልመለስ ስል አየኝ። ስልኩን ገልብጦ አስቀመጠና ብድግ አለ፤ ካርቶኑን በሁለት እጁ አቀረበልኝ።

«ከማዕዳችን ይቋደሱ፣ ባላባት።»

«በእግዜር» ብዬ ተቀመጥኩ።