የአክስቴን ቴሌቪዥን ያሻሻልኩ ዕለት

አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2009 ከአናሎግ ወደ ዲጂታል ስርጭት ስትሻገር፣ አሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ የሚኖሩት አክስቴን ቴሌቪዥን ያስተካከልኩት እኔ ነኝ። ያበላሸሁትም እኔው ነኝ።

ቀላሉን ልጨርስ። አሮጌ ቴሌቪዥን ዲጂታሉን እንዲያሳይ የሚያደርገውን መቀየሪያ ሳጥን ለመግዣ መንግሥት ለአንድ ቤት እስከ ሁለት ባለ 40 ዶላር ኩፖን ይሰጥ ስለነበር ጠየቅን፤ በፖስታ መጣ። በ90 ቀን ይቃጠላል ቢባልም ሁለት ወር መሳቢያ ውስጥ አስተኛሁት። ከዚያ ሱቅ ሄጄ በአንዱ ኩፖን መቀየሪያ ሳጥን ገዛሁ፣ የአንቴናውን ገመድ በሳጥኑ በኩል አሳልፌ ቴሌቪዥኑ ላይ ሰካሁ፣ ቴሌቪዥኑን የሳጥኑ ምስል በሚመጣበት ቻናል 3 ላይ አደረግሁት። ሳጥኑ ጣቢያዎቹን ፈልጎ ሰበሰበ። ምስሉ እንደ መስታወት ጠራ። አሮጌውን ባለ ሁለት ዘንግ አንቴና ጥዬ ጠፍጣፋ አዲስ አንቴናም ስለገዛሁ ኩራቴ ሌላ ነበር።

ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ሲሆን አክስቴ፣ «ሴትየዋስ?» አሉ።

ሴትየዋ በስፓኒሽ የሚተላለፍ ተከታታይ ድራማ ባለታሪክ ናት። አክስቴ ስፓኒሽ አያውቁም። ሆቴል ውስጥ አብረዋቸው አልጋ የሚያነጥፉት የኤልሳልቫዶር ሴቶች ግን ታሪኩን በምሳ ሰዓት በእጅም በዓይንም እያስረዱ አስለምደዋቸዋል። ቻናሉ የለም። እንደገና አስፈለግሁት፤ የለም። አንቴናውን መስኮት ላይ፣ ማቀዝቀዣው ላይ፣ የመጋረጃው ዘንግ ላይ ሰቀልኩት። አክስቴ፣ «እንደ ድሮው ጣሪያ ላይ ብትወጣስ ልጄ?» አሉ። አዲስ አበባ ልጅ ሳለሁ ቆርቆሮ ላይ ቆሜ ዘንጉን ሳዞር ከታች «መጣ! ሄደ! ተመለስ ወደ ነበረበት!» የሚሉኝ እርሳቸው ነበሩ። እዚህ ግን የሚኖሩት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ጣሪያው የሌላ ሰው ነው።

ለሽግግሩ የተከፈተው የእርዳታ ስልክ ላይ ሦስት ጊዜ ደወልኩ። ሦስቱም ጊዜ ሙዚቃ አዳምጬ፣ ሦስቱም ጊዜ «አንቴናውን ያንቀሳቅሱት» ተባልኩ። አንቴናውን እኮ ያላንቀሳቀስኩበት ቦታ ምድጃው ብቻ ነው! አንዷማ ሁሉም ጣቢያ ዲጂታል ስለሚሆን እንዳልጨነቅ መከረችኝ። «ሁሉም» የምትለውን ቃል እስከ ዛሬ አልወዳትም።

በመጨረሻ የደወልኩት ለራሱ ለጣቢያው ነው። ስልኩን ያነሳው ቴክኒሺያን ጥያቄዬን ሳልጨርስ ተነፈሰ፤ የመጀመሪያው ደዋይ አልነበርኩም። ጣቢያቸው ዝቅተኛ ኃይል ካላቸው አንዱ ነው። እንዲህ ያሉት ከ1982 ጀምሮ ፈቃድ ይሰጣቸዋል፤ በአናሎግ ዘመን ትልቁ ጣቢያ በላይኛው ሞገድ (UHF) እስከ አምስት ሚሊዮን ዋት ሲፈቀድለት ለእነርሱ 150 ሺህ ነበር። ጁን 12 አናሎጉን እንዲያጠፉ ሕግ ያስገደደው ትልልቆቹን ብቻ ነው። ትንንሾቹ ያኔ እዚያው አናሎግ ላይ ነበሩ። እኔ የሰካሁት ሳጥን ደግሞ አናሎግ ሞገድ አያሳልፍም። አናሎጉን ወደ ቴሌቪዥኑ የሚያሳልፉ ሳጥኖች ነበሩ፤ የኩፖኑ ደንብ ግን ይህን ፈቀደ እንጂ አላስገደደም። ሻጩ አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም። የአክስቴን ሴትዮ መንገድ የዘጋሁት በገዛ እጄ ነው።

ሁለተኛውን ኩፖን ለትክክለኛው ሳጥን ልጠቀምበት መሳቢያውን ስከፍት፣ ከተቃጠለ ስድስት ቀኑ ነበር።

ስለዚህ ማከፋፈያ ገዛሁ፤ የአውራ ጣት የምታህል ብረት፣ አንድ መግቢያ ሁለት መውጫ ያላት። አንዱ መውጫ ወደ ሳጥኑ፣ ሌላው በቀጥታ ወደ ቴሌቪዥኑ። ሳጥኑን ከቴሌቪዥኑ ያገናኘሁት በቀይ፣ በነጭና በቢጫ ገመዶች ነው፤ ቀዳዳዎቹ ፊት ለፊት ባለች ትንሽ ክዳን ሥር አቧራ ለብሰው ተገኙ። ሪሞቱ ላይ አንድ ቁልፍ ለዲጂታሉ፣ ሌላ ቁልፍ ለሴትየዋ። አክስቴ ቁልፉ ላይ ነጭ ፕላስተር ለጠፉበት። መመሪያው ይህን አይልም፤ እኔ ግን አናሎግ የሚያሳልፈው ሳጥንም ቢኖራችሁ ይህንኑ አድርጉ እላለሁ፤ ሳጥኑን ማብራት ማጥፋት ያድናል።

ማከፋፈያ ግን ሞገዱን ለሁለት ይከፍለዋል፤ ደካማዎቹ ዲጂታል ጣቢያዎች እንደ ተሰበረ ሸክላ ይበታተኑ ጀመር። ጁን 12 ሲደርስ ደግሞ የዋሽንግተን ቻናል 7 እና 9 ዲጂታል ስርጭታቸውን ከላይኛው ሞገድ ወደ ቀድሞ ዝቅተኛ ሞገዳቸው (VHF) መለሱ። ለላይኛው ሞገድ የተሠራው ጠፍጣፋው አንቴናዬ ሁለቱንም አጣቸው። የጣልኩትን ዓይነት ባለ ሁለት ዘንግ አንቴና በገንዘቤ መልሼ ገዛሁ። የሽማግሌ ዕቃ ከመጣላችሁ በፊት ሦስት ወር አቆዩት። ገመድ ከመንካታችሁም በፊት ባለቤቱን «ማታ ማታ ምን ያያሉ?» በሉ፤ እኔ ይህን ሳልጠይቅ ነው መፍቻ ያነሳሁት።

ለትንንሾቹ ጣቢያዎች አናሎጉን የሚያጠፉበት የመጨረሻው ቀን ጁላይ 13 ቀን 2021 ነበር። የአክስቴ ጣቢያ ያን ሳይጠብቅ ቀደም ብሎ ተቀየረ። ማከፋፈያዋን ነቀልኩ፣ ሳጥኑ እንደገና እንዲፈልግ አደረግሁ፣ ሴትየዋ ጥርት ብላ መጣች። ዝናብ በጣለ ማታ ግን ምስሉ ድርቅ ይልና ጨርሶ ይጠፋል፤ ዲጂታል እንደ አናሎግ እየደበዘዘ አይቆይም። አክስቴ ያኔ ይደውላሉ፦

«ድሮ በብናኝም ቢሆን ፊቷን አይ ነበር።»