የኋላ ጎማ መንገድ ላይ ሲተነፍስ

ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር ስወጣ፣ ዓለም በር ሳልደርስ የሞተሬ ጭራ እንደ ሰካራም ይወላገድ ጀመር። እንዲህ ሲሆን እግር ወዲያው ፍሬን ሊረግጥ ይሄዳል። እኔ ነዳጁን ቀስ ብዬ ቀንሼ፣ መሪውን ቀጥ አድርጌ፣ በፊት ፍሬን ብቻ እያለሳለስኩ ዳር ያዝኩ። የተነፈሰው የፊቱ ጎማ ቢሆን ደግሞ በኋላው ፍሬን ነው መቆም።

አንድ አባት ከሩዝ ማሳቸው ወጥተው መጡ። «ዶክተር፣ ቀስ እያሉ ቢነዷት ዓለም በር ጎሚስታ አለ» አሉኝ። የከብት ክትባት ይዞ የሚዞር ሁሉ እዚህ አገር ዶክተር ነው። ምክራቸው ከደግነት ነው፤ ነገር ግን በተነፈሰ ጎማ ሲነዱ ጎማው ቸርኬው ላይ ይዞርና ከመነዳሪውን፣ ማለትም ውስጡ ያለውን አየር የሚይዝ ላስቲክ፣ ከአየር መግቢያው ሥር ይገነጥለዋል። ያ ደግሞ አይለጠፍም። ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቆየት ስላለበት ሣጥኑን ጥላ ሥር አስቀምጬ እጅጌዬን ሰበሰብኩ።

የእኔዋ ያማሃ ዲቲ ሞተር መሃል መቆሚያ የላትም። እኔ ሳነሳት እሳቸው ጠፍጣፋ ድንጋይ ከሆዷ ሥር ከተቱልኝ። ዳዶውን ፈትቶ ፔርኖውን፣ ጎማው የሚዞርበትን ዘንግ፣ መምዘዝ ቀላል ነው። ላብ የሚያስወጣው ጎማውን ከቸርኬው ማላቀቅ ነው፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ የጎማ ማውጫ ብረቱን እየጎተተ በከንቱ ይታገላል። ቸርኬው መሃሉ ጎድጎድ ያለ ነው። ብረቱ ከገባበት ፊት ለፊት ባለው በኩል በጉልበት ተንበርክኮ የጎማውን ጠርዝ ወደዚያ ጎድጓዳ ማስገባት ነው፤ ያን ጊዜ በወዲህ በኩል ይላላል። ሲመልሱትም እንዲሁ ነው።

ቀዳዳዋ ቦይ ውኃ ውስጥ አረፋ ስትተፋ ተገኘች። ከመለጠፌ በፊት ከመነዳሪውን እንደነበረ ጎማው ላይ አጋድሜ ቀዳዳው የሚያርፍበትን ቦታ በጨርቅ ዳሰስኩ፤ በባዶ ጣት መዳሰስ ያስቆርጣል። ከፈነዳ የመኪና ጎማ የወጣች ቀጭን ሽቦ ጨርቁን ያዘችው። ከውጭ ጨርሶ አትታይም ነበር። በፒንሳ ነቀልኳት። ለጥፈው ትንሽ እንደሄዱ ዳግም የሚተነፍስባቸው ሰዎች ማስቲሹን ይራገማሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ ጎማው ውስጥ የቀረው ነገር ነው።

በብርጭቆ ወረቀት ፍቄ ማስቲሹን ስስ አድርጌ ቀባሁና ጣት ላይ የማይጣበቅ እስኪሆን ጠበቅኩ። አባትየው «ኧረ ደረቀ እኮ!» እያሉ ተጨነቁልኝ። እርጥብ ላይ የተለጠፈ ግን ሲሞቅ ይንሸራተታል።

ከመነዳሪውን ስመልስ ቅርጹን እስኪይዝ ትንሽ ነፋሁት፤ ባዶ ከገባ ብረቱ ቆንጥጦ ይበሳዋል። ጎማውን ገጥሜ የካቴናው መወጠሪያ በሁለቱም በኩል እኩል መሆኑን አየሁ። ከመነሳቴ በፊትም የኋላውን ፍሬን እግሬ እስኪሰማው ደጋግሜ ረገጥኩ።

መለዋወጫ የምይዘው የፊቱን፣ ባለ 21 ኢንቹን ከመነዳሪ ነው። ሲቸግር የኋላው 18 ላይ ታጥፎ ይገባል፤ ትንሹን ግን ለፊቱ ጎማ መለጠጥ አይሆንም። ማስቲሽ አንዴ ከተከፈተ ቱቦው ውስጥ ይደርቃልና ክረምት ሲገባ አዲስ እገዛለሁ።